ሰኞ ገበያ ላለው የራዲዮ ሰውዬ

ቤታችሁ አሮጌ ቴፕ ወይም ዎክማን ተበላሽቶ ከተቀመጠ አትጣሉት። ደሴ ሰኞ ገበያ አንድ ሰው አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ "ግብር ታስጨምሪብኛለሽ" ብሎ። የራዲዮ ሰውዬ ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጅዳ ሠርቶ ሲመለስ ያመጣት ዎክማን አለችን። አንዲት ካሴትም አለች፤ እናቴ በ1984 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ቀድታ የላከችለት። ያኔ ብዙ ሰው ደብዳቤውን በካሴት ነበር የሚልከው። እናቴ ካረፈች 6 ዓመት ሆናት። ከዚች ካሴት ሌላ ድምፅዋ የለንም።

ዎክማኗ ዓመት ሙሉ ተጫወተችብን። አንዴ እናቴን እንደ ሕፃን ታንጫጫታለች፣ አንዴ ደግሞ እንደ ጎርናና ወንድ ትጎትታታለች። አባቴ ትንሽ ይሰማና "ዝጊው" ይላል።

ያልወሰድኩበት ቦታ የለም። አንዱ ሳቀብኝ፤ "በዚህ ዘመን ካሴት? ፍላሽ ግዢ" አለኝ። ሌላው ሦስት ሳምንት አስቀምጦ 900 ብር ተቀበለኝ። ቤት ስደርስ ያው ናት፤ እንዲያውም አንድ ብሎን ጎድሏታል። ሦስተኛው ባሰ። ሳይጠይቀኝ የእናቴን ካሴት ከተተና አስበላው። ክሩ እንደ ፓስታ ተጎልጉሎ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። እሱ በጣቱ እየጎተተ "አይዞሽ" ይለኛል። በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥኜ እስክመልሰው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቅር ይበለው፤ እኔ ግን ገና ይቅር አላልኩም።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ጠቆመችኝ፤ የሐረጎን ዳገት በጉም ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ሱቁ ሁለት ሰው አያስቀምጥም። ዎክማኗንና ካሴቱን አንድ ላይ አቀበልኩት። ካሴቱን መለሰልኝ።

"እሱን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። መጀመሪያ የኔ ይበላ" አለና የራሱን የመንዙማ ካሴት አወጣ።

እዚያው ላይ ልቤ አረፈ።

ከፍቶ ሲያሳየኝ ውስጧ ያለው ቺንጋ እንደ ማስቲካ ቀልጦ ተጣብቋል። ቀየረው። በጥጥና በአልኮል አንዲት ትንሽ ጎማ ጠረገ፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የቀረውን ቢያስረዳኝም አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ያዝኩ፦ ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው መሄድ ያለበት። መንዙማውን በቃሉ ስለሚያውቀው አብሮ እያንጎራጎረ አስተካከለ። ከዚያ "አሁን ያንቺን አምጪ" አለኝ።

እናቴ ተናገረች። ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ የፈጠነች መሰለኝ። "ሲቀዳም ቴፑ ልኩን ላይሆን ይችላል። ድምፅዋን ደህና አድርጎ የሚያውቅ ሰው አለ?" አለኝ። አባቴ ጋር ደወልኩና ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ ያዝኩት። አባቴ ዝም አለ። ቆይቶ "እሷ እንዲህ አትቸኩልም ነበር" አለ። ሰውየው ሞተሩ ላይ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብቶ የፀጉር ያህል አዞረ። "አሁንስ አባባ?" "ትንሽ ቀንስላት።" ደግሞ አዞረ። ደንበኛ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ዞር ብሎም አላየውም።

"አብሽር፣ እኛ ደህና ነን" ትላለች እናቴ። "ልጅቱ ጥርስ አወጣች።" ከኋላዋ ሲኒ ይንኳኳል፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ያ ሕፃን እኔ ነኝ።

"እሷ ናት" አለ አባቴ። ስልኩን ዘጋው።

ሰውየው ካቻቢቴውን አስቀምጦ ሻይ አዘዘልኝ፤ እንባዬን እንዳላየ ሆኖ። ስንት ልክፈል ስለው "የቺንጋዋን 200 ብር" አለ። ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ። እኔስ ምን ልበለው? አላህ ዕድሜውን ያርዝመው፣ እጁን ይባርክለት!

ኧረ ሂዱ። እውነቴን ነው፣ ሂዱ። ጠዋት አርፍዶ ይከፍታል፤ አርብ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ ነው። ሰልፍ ካለ ጠብቁ፤ አያቻኩልም፣ እናንተም አታቻኩሉት። ካሴታችሁን ወደ ስልክ ይገለብጥላችኋል፤ የኔን ገልብጦልኛል።

አባቴ ግን የስልኩን አይፈልግም። ማታ ማታ ዎክማኗን ጆሮው ላይ አድርጎ ይተኛል። ይኸው ዛሬም ሁለት ባትሪ ድንጋይ ግዢ ብሎኛል።