ሰም፣ ፖሊሽ፣ ሴራሚክ ወይስ ሙሉ ቀለም? ያገለገለ መኪና ቀለምን ለማደስ የሚቀርቡ አራት አማራጮች ንጽጽር

ያገለገለ መኪና ገዝቶ የደበዘዘ ቀለሙን ለማደስ የተነሣ ሰው በአዲስ አበባ ጋራዦችና ላቫጆዎች በአብዛኛው አራት ዓይነት ሥራ ይቀርብለታል፤ እነርሱም በእጅ የሚቀባ ሰም፣ በማሽን የሚሠራ ፖሊሽ፣ ሴራሚክ ሽፋን እና ሙሉ ቀለም ናቸው። አራቱም «መኪናዋን አዲስ ያደርጋታል» እየተባለላቸው ስለሚሸጡ ገዢው ልዩነታቸውን በዋጋ ብቻ ይለካዋል። ነገር ግን ሰም ቀለሙን ሳይነካ ለጥቂት ጊዜ በላዩ ያርፋል፤ ፖሊሽ ቀለሙን በጥቂቱ እየፋቀ ያሳምራል፤ ሴራሚክ ከሥሩ ያገኘውን መልኩንም ጭረቱንም እንዳለ ያሽጋል፤ ሙሉ ቀለም ደግሞ የፋብሪካውን ቀለም በሌላ ይተካል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት «መኪናው ላይ ምን ያህል ቀለም ቀርቷል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ከፍዬ ስለ ተጎዳሁ፣ ሌላው ሰው እንዳይደግመው ከልቤ እሻለሁ።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው።

መጀመሪያ መለካት

የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው ጀምሮ ሲቆጠር ዝገት መከላከያ፣ ፕራይመር፣ ቀለሙ ራሱና በመጨረሻም ክሊር የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ሲሆን፣ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ስለሚደርስ ክሊሩ ከአንዲት ፀጉር ይሳሳል ማለት ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው ይኸው ስስ ሽፋን ነው። የፀሐይ ጎጂ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ ውጭ የሚያድር መኪና ጣሪያውና ኮፈኑ ከበሮቹ ቀድመው መድከማቸው አያስገርምም።

ውፍረቱን የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ አለ። በሩን ከፍቶ ፀሐይ የማያገኘውን የውስጥ ጠርዝ መለካትና ያንን ቁጥር እንደ መነሻ ይዞ ሌላውን አካል ማነጻጸር ጥሩ ልማድ ነው። ጣሪያው 115፣ የፊት በሩ 120 እያለ የኋላ በሩ 280 ካለ፣ ያ በር እንደገና ተቀብቷል። ቁጥሩ ከ1,000 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) አለ ብሎ መገመት ይቻላል። በተቃራኒው ጠቅላላው ከ80 ወይም ከ90 በታች ከወረደ፣ ከዚህ በፊት ብዙ ተፍቆ ሊሆን ስለሚችል ማሽን ባይነካው ይመረጣል።

መሣሪያው የሌለው ሰው ውኃና ጥፍሩ ይበቁታል። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በደበዘዘው ቦታ ላይ ውኃ ያፍስስበት፤ ቦታው እርጥብ ሳለ ቀለሙ ወደ ቀድሞ መልኩ ከተመለሰ ጉዳቱ በክሊሩ ገጽ ላይ ነው፤ ፖሊሽ ያነሣዋል። እርጥብም ሆኖ ዳርቻው እንደ ካርታ የተቆረጠ ነጭ ንጣፍ ከታየ ግን ክሊሩ እየተላጠ ስለሆነ የትኛውም ፖሊሽ አይመልሰውም። ጭረት ሲሆን ደግሞ ጥፍርን በላዩ በቀስታ ማሳለፍ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ለፖሊሽ ጥልቅ ነው።

ሰም እና የማሽን ፖሊሽ

ሰም ከሁሉ ርካሽና ከሁሉ የማይጎዳ ነው። ታዋቂው ካርኑባ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን፣ ጥልቅ የሆነ ድምቀት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቢቆይ ነው፤ ከዚያ አይዘልቅም። በኦሞ የሚታጠብ መኪና ላይ ዕድሜው ከዚህም ያጥራል፤ የልብስ ሳሙና ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ በመሆኑ ሰሙን አብሮ ይዞት ይሄዳል። በሰም ፋንታ የሚቀባው ሰው ሠራሽ ማሸጊያ ከአራት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። ሁለቱም ጭረት አያጠፉም፣ የደበዘዘ ክሊርም አያድሱም። ቀለሙ ጤናማ ለሆነ፣ ወይም ክሊሩ ሳስቶ ማሽን ለማይችል መኪና ግን ከሰም የተሻለ ምርጫ የለም።

የማሽን ፖሊሽ ከአራቱ መካከል ለገንዘብ ብዙ የሚመልሰው፣ ደግሞም በቸልታ ሲሠራ ብዙ የሚያጠፋው ነው። ኮምፓውንድ በሚባለው የፖሊሽ ቅባት ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ የክሊሩን የላይኛውን ገጽ እየፋቀ የጭረቱን ጠርዝ ያለዝበዋል፤ ብርሃን በቀጥታ ሲመለስ ዓይናችን «አንጸባረቀ» ይላል። ጠንካራው ኮምፓውንድ በአንድ ዙር ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ከ40 ማይክሮን ላይ ጥቂት ማንሣት የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በየዓመቱ በዓል በመጣ ቁጥር የሚደገም ከሆነ ግን ክሊሩ ማለቁ አይቀርም።

ማሽኖቹም አንድ አይደሉም። በአንድ ዛቢያ ብቻ የሚሽከረከረው ማሽን ፈጣንና ብርቱ ሲሆን፣ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ያሞቃል፤ በተለይ ከሱፍ ስፖንጅ ጋር ሲሆን ባልሠለጠነ እጅ ቀለም ያቃጥላል። እየተሽከረከረ ወዲያና ወዲህም የሚወዛወዘው ማሽን ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ክብ ክብ ጠባሳ አይተውም፣ በቀላሉም አያቃጥልም። እኔ ለራሴ መኪና የምመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ብርማ ኮሮላ ናት። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቤት በሁለት ሰዓት ተኩል አጠናቅቆ ሲያስረክበኝ እጅግ ታበራ ስለነበር በደስታ ከፍዬ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ካሳጠብኳት በኋላ ጭረቶቹ በሙሉ ተመለሱ፤ ለካስ የፖሊሹ ቅባት ሞልቷቸው ነበር እንጂ አልጠፉም። ከዚህ የከፋው ግን የኮፈኑ ሸንተረር ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ደብዛዛ ቦታ መታየቷ ነው። ቀለም በጠርዝና በሸንተረር ላይ ከሌላው ቦታ ስለሚሳሳ ብልህ ሠራተኛ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍነዋል፤ የእኔን ያልሸፈነው ሰው ክሊሩን ጨርሶ ቀለሙ ላይ ደርሷል። ያቺ ቦታ አሁንም አለች፤ መኪናዬን ባጠብኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እርሷ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ለጣሪያው ሌላ ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። ውኃ አፍስሶ አየው፣ ጎንበስ ብሎ ከጎን በብርሃን ተመለከተውና፣ «ጋሼ፣ ጣሪያው ፖሊሽ አይችልም። ዛሬ ባበራልዎት በሚቀጥለው ክረምት ሲላጥ የሚረግሙት እኔን ነው» አለኝ። ሰም ብቻ ቀባልኝ፤ ያስከፈለኝም የሰሙን ብቻ ነው። ሥራን እንቢ ማለት የሚችል ሠራተኛ ያገኘ ሰው ስልኩን ይያዝ።

ጊዜም ጥሩ መለያ ነው። ትንሽ መኪና በአንድ ዙር በአግባቡ ቢሠራ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በሁለት ዙር ማለትም በኮምፓውንድና በማጥሪያ ፖሊሽ ሲሆን ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከማሽኑ በፊት ያለው ዝግጅትም ብዙ ሰዓት ይበላል፤ መኪናው በመኪና ሻምፑ ይታጠባል፣ ከፍሬን የሚረጨው የብረት ብናኝ ወደ ሐምራዊ በሚቀየር ማጽጃ ይለቀቃል፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀው ሻካራ ነገር ክሌይ በሚባለው ጭቃ መሰል ነገር በሚያንሸራትት የሻምፑ ውኃ እየታሸ ይነሣል። ይህ ከተዘለለ ብናኙ ከስፖንጁ ጋር እየዞረ አዲስ ጭረት ይፈጥራል። በዚህ ሁሉ መሐል ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ገጹ በተበረዘ አልኮል ተጠርጎ ይታይ። አልኮሉ የፖሊሹን ቅባት ስለሚያነሣ ከዚያ በኋላ የቀረው ድምቀት እውነተኛው ነው።

ሴራሚክ

ሴራሚክ ሲሊካን መሠረት ያደረገ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። ውኃ በላዩ ተንከባልሎ ይወርዳል፣ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ቶሎ ስለማይዘልቀው ለማጠብ ይቀላል፣ ከሰምም ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ በአግባቡ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። እስከዚህ ድረስ የሚነገርለት እውነት ነው። በዕቃው ላይ የሚታየው «ዘጠኝ ኤች» (9H) የሚለው የጥንካሬ ጽሑፍ ግን በእርሳስ መጫር የሚደረግ ፈተናን የሚያመለክት እንጂ ቁልፍና ጠጠር አይጭረውም ማለት አይደለም። ሽፋኑ ከክሊሩም እጅግ የሳሳ ስለሆነ ጭረት አይሞላም። ከሥሩ ያለው ገጽ ካልተስተካከለ ጭረቱ ታሽጎ ይቀራል፤ በኋላ ፖሊሽ ማድረግ ሲያስፈልግ የተከፈለበት ሴራሚክ አብሮ ይፋቃል። ስለዚህ የሴራሚክን ዋጋ ከፖሊሽ ጋር ማወዳደር ስሕተት ነው፤ ሴራሚክ ማለት ፖሊሹ ተደምሮበት ነው። ፖሊሹ አብሮ የሌለበት ርካሽ ሴራሚክ ለአሮጌ መኪና ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦታውና ወቅቱም ይታሰብበት። በበጋ ነፋስ አቧራ በሚያነሣበት ክፍት ግቢ የሚቀባ ሴራሚክ አቧራውን ይዞ ይደርቃል፤ የተዘጋ ክፍል ያለው ቤት ይመረጥ። ከተቀባ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል መታጠብ ስለሌለበትና የውኃ ጠብታም እድፍ ስለሚተውበት፣ ክረምት ላይ ውጭ የሚያድር መኪና ያለው ሰው እስከ መስከረም መጨረሻ ቢታገሥ ይሻለዋል።

ሙሉ ቀለም

ክሊሩ ለተላጠ መኪና እንደገና ከመቀባት ሌላ መንገድ የለም። ለሌላው ሁሉ ግን የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቀለሙ ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ነው። የፋብሪካ ቀለም መኪናው እንዳልተጋጨ ምስክር ነው። አዲስ ቀለም ግን ምንም ያህል ቢያምር «ምን ሸፍኖ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ያመጣል።

ወደዚህ የገባ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ቀለሙ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ነው ወይስ ያለ ማጠንከሪያ የሚደርቀው ዱኮ? ዱኮ ርካሽና ቶሎ ደራቂ ቢሆንም በእርጥበት ወቅት ሲረጭ ነጭ ጉም ያወጣል፣ ፀሐይንም አይችልም። ሁለተኛ፣ እጀታው፣ ስፖኪዮው፣ የመስኮት ጎማዎቹና መብራቱ ይፈታሉ ወይስ በወረቀት ብቻ ይሸፈናሉ? ሳይፈታ የተቀባ መኪና ቀለሙ ከጥቂት ወራት በኋላ በጎማው ጠርዝ በኩል መነሣት ይጀምራል። ሦስተኛ፣ የሚረጨው በተዘጋ ክፍል በምድጃ እየደረቀ ነው ወይስ በግቢ? ቀለሙ ጨርሶ እንዲጠነክርም ለአንድ ወይም ሁለት ወር ሰም ባይቀባ መልካም ነው። መልኩን መቀየር ያሰበ ሰው የመኪናው ቀለም ሊብሬው ላይ የተመዘገበ መሆኑን አይርሳ።

ነጭ ቶዮታ ያላቸው ሰዎች ለብቻቸው አንድ ነገር ይወቁ። በበር ጠርዝ ወይም በሞተር ክፍል ባለው የመለያ ሰሌዳ ላይ 040 ተብሎ የተጻፈው ነጭ በብዙ ሞዴሎች ላይ ክሊር የሌለው ነው፤ በፖሊሽ ጊዜ ስፖንጁ ነጭ ቢሆን ቀለሙ ተቃጠለ ማለት አይደለም፤ ከክሊር ሥር ያለ ቀለም ስላልሆነ የሚፋቀው ራሱ ቀለሙ ነው። የአንዳንድ ሞዴሎች ነጭ ቀለም ግን ከዝገት መከላከያው በፀሐይ ምክንያት እየተለየ እንደ ወረቀት የሚገነጠልበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ላይ ማሽን ማስነካት ጉዳቱን ያሰፋዋል፤ የተገነጠለው ጣሪያ ወይም ኮፈን ብቻ እስከ ላሜራው ወርዶ ቢቀባ ሙሉ መኪናውን ከመቀባት ያተርፋል።

በመጨረሻ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ሠራተኛው በኮፈኑ መሐል ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ቦታ በፕላስተር ከልሎ በዚያ ብቻ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ፤ በአልኮል አስጠርጉት፣ ሂሳቡን ለይታችሁ ክፈሉና መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በማግሥቱ ጠዋት አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አቁሟት፤ ከፕላስተሩ መስመር ወዲህና ወዲያ ያለውን ጎንበስ ብላችሁ ከጎን አስተያዩት፣ ከዚያ ደውሉለት።