«ካምቢዮው ሄዷል» የተባለውን መኪና ደብረ ብርሃን ላይ ያዳነው ጋራዥ

ከዳላስ ለእረፍት መጥቼ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሰሜን ሸዋ ነው። ስለ ማረፊያውና ስለ ምግቡ ብዙ ሰው ጽፏል፤ የእኔም ጥሩ ነበር፣ ብርድ ልብሱ ይሞቃል፣ ሰዎቹ ትሁት ናቸው፣ ይብቃው። እኔ የምነግራችሁ ስለ ጋራዥ ነው። ከውጭ መጥተን የዘመድ መኪና ይዘን ወደ አገር ቤት የምንወጣ ብዙ ነን፣ መኪናው ደግሞ ሁሌም ማለት ይቻላል አሮጌ ነው።

የነዳሁት የአጎቴን 2004 ሞዴል ኮሮላ ነው። አውቶማቲክ፣ ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ። ይቀይረው እንዳትሉኝ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ከፍ ካደረገ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ፣ ያለውን መኪና ጠግኖ መያዝ ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው መንገድ ነው። ስለዚህ ችግሩን በትክክል የሚያገኝ መካኒክ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ይሄ ነበር። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ዳገት ሲጀምርና ነዳጅ ሲረገጥ ግን ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል፣ የሞተር መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ከቆመበት «ዲ» ሲገባ ደግሞ «ዱብ» የሚል ድምፅ ከፊት ይሰማል። ከአዲስ አበባ ከመውጣታችን በፊት አንድ ጋራዥ አሳየነው። ከግቢ አላወጡትም። ኮምፒውተርም አልሰኩበትም። ቆሞ ሳለ ማርሹን «ዲ»ና «አር» ላይ እየቀያየሩ ዱብታውን ሰሙና «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሄዷል፣ የተነቀለ ካምቢዮ እናስገባላችሁ» አሉ። አጎቴ ሊስማማ ነበር። እኔ ሌላ ሰው ይየው አልኩ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን ቀስ ብለን ወጣን። ሸኖን አልፈን ጫጫ ስንደርስ መንገጫገጩ ባሰበት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋለች። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እኔ እንደምኖርበት ዝቅ ያለ አገር የለመደ ሰው «ይሄ መኪና አይጎትትም» ቢል አይገርምም። ከፍታው ግን እኩል ነው የሚያደክመው፤ መኪናው ለስለስ ብሎ ይደክማል እንጂ አይንገጫገጭም። የሚንገጫገጭ ከሆነ ብልሽት አለ ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን የሄድንበት ጋራዥ ትንሽ ነው፣ ምልክቱም ከመንገድ በደንብ አይታይም። መካኒኩ ሃምሳዎቹን ያለፈ ሰው ነው። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀን። ሲሞቅ ነው ወይስ ጠዋት ሲቀዘቅዝ? ዳገት ላይ ብቻ ነው? አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር) ከፍ ሲል ፍጥነቱ ይቀራል ወይስ አብሮ ይሄዳል? መቼ ጀመረው፣ ከዚያ በፊትስ ምን ተነካ? ከዚያ «እህቴ፣ አንቺ ንጂው፣ እኔ ጎን ሆኜ ልስማው» አለኝ። አጎቴን «ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ» አላቸውና ከከተማ ወጣን።

የነዳንባት ግማሽ ሰዓት ገደማ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበረች። መጀመሪያ ዳገት ላይ አርፒኤሙን እንዳይ ነገረኝ። ካምቢዮ ሲንሸራተት ሞተሩ ይጮሃል፣ አርፒኤሙ ይወጣል፣ መኪናው ግን ባለበት ይቀራል። የእኛው እንደዚያ አልነበረም። አርፒኤሙ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ነበር የሚሄደው፣ ግን እየቆራረጠ። ቀጥሎ ሜዳ ላይ 80 አካባቢ በተስተካከለ ፍጥነት እየሄድን፣ ኋላችን ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ነዳጁን ሳልለቅ ፍሬኑን በግራ እግሬ ነካ እንዳደርግ ነገረኝ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፦ በተስተካከለ ፍጥነት ሲኬድ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ያለው ክላች ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል፤ ፍሬን ሲነካ ይለቃል። መንቀጥቀጡ የመጣው ከዚያ ክላች ከሆነ ፍሬን በተነካበት ቅጽበት ይጠፋል። የእኛው ምንም አልተለወጠም። ዳገቱን ስንጀምር እንዲያውም ባሰበት። «ካምቢዮ አይደለም፣ እሳት ነው» አለ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ማለቱ ነው።

ጋራዥ ተመልሰን ኮምፒውተር ሰካ። ፒ 0302 ወጣ፣ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አይነድም ማለት ነው። ብዙ ቦታ ቢሆን ምርመራው እዚህ ያበቃ ነበር፣ «ቦቢና ግዙ» (ለብልጭታው ኤሌትሪክ የሚሰጠው ዕቃ ነው) ተብለን ወደ ሱቅ እንላክ ነበር። እሱ የሁለተኛውን ቦቢና ነቅሎ ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ አደረገ። ኮዱን አጠፋና በድጋሚ ዳገቱን ወጣን። አሁን የመጣው ፒ 0303 ነው። ችግሩ ከቦቢናው ጋር አብሮ ሄደ። ባይሄድ ኖሮ ብልጭታው የሚዘልበትን ካንዴላ፣ ከዚያ የነዳጅ መርጫውን፣ ከዚያ ኮምፕሬሽን እያለ ይቀጥል ነበር። ይሄ ሙከራ ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም፤ መለዋወጫ ሱቅ ደግሞ «የኤሌትሪክ ዕቃ አይመለስም» ስለሚል በግምት የተገዛ ቦቢና እጃችሁ ላይ ነው የሚቀረው።

ለምን ዳገት ላይ ብቻ? ነዳጅ ሲረገጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ብልጭታው ዘሎ ለማለፍ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። የደከመ ቦቢና ሜዳ ላይ ይችለዋል፣ ዳገት ላይ ያቅተዋል። ካንዴላው አርጅቶ ክፍተቱ ሲሰፋም እንደዚያው ነው። የሁለተኛው ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ውኃና ዝገት አገኘ። አጎቴ ላቫጆ ሲወስዱት ሞተሩንም በግፊት ውኃ ያሳጥቡት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሰማነው። እባካችሁ አሮጌ መኪና ላይ ሞተሩን እንዲህ አታሳጥቡ።

ዱብታውስ? ኮፈኑን ከፍቶ፣ እኔ ፍሬን ይዤ «ዲ»ና «አር» እንድቀያይር አደረገ። ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘል በዓይናችን አየን። ሞተሩ የሚያርፍበት ጎሚኒ ተሰንጥቋል። አዲስ አበባ ላይ ለካምቢዮው የሞት ማስረጃ የተደረገው ድምፅ ይሄ ነው! በዚህ በጣም ነው ያዘንኩት። ያን ካምቢዮ አስነቅለን ቢሆን መንገጫገጩ እዚያው ይቀር ነበር፣ አጎቴም ያን ሁሉ ብር ከስክሰው ማለት ነው።

ካምቢዮውንም ሳያይ አልለቀቀንም። በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ ማርሹን በየቦታው አሳልፎ «ፒ» ላይ መልሶ የዘይቱን ልክ አየ። እንዲህ ባለ ቶዮታ ላይ ሳይሞቅ ወይም ሞተር አጥፍቶ የሚያይላችሁን አትመኑ፣ ልኩ የተሳሳተ ይሆናል። ዘይቱ ጠቆር ብሏል፣ ግን የተቃጠለ ሽታ የለውም፣ ብናኝም የለውም። ቀድቶ መሙላት በቂ ነው አለ። አንድ ጊዜ ሲቀዳ ግማሽ የሚያህለው ውስጥ ስለሚቀር፣ የተወሰነ ከተነዳ በኋላ ይደገማል።

ዘይት ፍለጋ ላይ ግን አልተደሰትኩም። ይሄ ኮሮላ የሚፈልገው ቲ ፎር የሚባለውን የቶዮታ ዘይት ነው። አንድ ሱቅ «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ዴክስሮን ሊሰጠን ሞከረ። አንድ አይደለም፣ ክላቾቹ የሚይዙበት ሁኔታ ይለያያል። መያዣው ላይ የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ። ሌላው ሱቅ ግን ጎበዝ ነበር። ቦቢናው እሱ ጋ አልነበረም፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደውሎ በማግስቱ በመኪና አስላከልን። የድሮውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ነው ያዘዘው፣ ስለዚህ ልኩ መጣ። በቴሌብር ከፈልን፣ ደረሰኝም ሰጠን።

ቦቢና፣ አራት ካንዴላ፣ ዘይትና የእጅ ዋጋ ተደምሮ መጀመሪያ ለካምቢዮ ከተጠየቅነው አሥር አንዱ እንኳ አልሆነም። መካኒኩ ለሙከራ ለነዳንበት ሰዓት ምንም አልጠየቀም። እኔ ግን ለብቻው ከፈልኩት፣ እናንተም ክፈሉ። የምንከፍለው ለተቀየረ ዕቃ ብቻ ከሆነ መካኒኩ ዕቃ ለመቀየር ይቸኩላል፤ ችግሩን ፈልጎ ያገኘበት ሰዓት ግን ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ «አብረኸን ትነዳዋለህ?» በሉ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ከዚያ ወዲያ ጣርማበርን አልፈን ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርደን ተመልሰናል። ሲወረድ ፍሬን ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፣ ኦቨርድራይቩን (የመጨረሻውን ማርሽ) አጥፉና ካስፈለገ ወደ «2» አውርዱት፣ ሞተሩ ይይዝላችኋል። ጭጋጉ ሲወርድ ደግሞ ከጣርማበር ዋሻ በፊት መብራት አብሩ። ስንመለስ ከደብረ ሲና ወደ ላይ ያን ሁሉ ዳገት አንዴም ሳይቆራርጥ ወጣ፣ አጎቴ «ተመስገን» እያሉ። ጎሚኒው ገና አልተቀየረም፤ የመጣው ልኩ አልሆነም ተብሎ ተመለሰ። ትክክለኛው ሲገኝ እዚያው ጋራዥ ያስገቡታል፣ ሁለተኛውንም የዘይት ቅያሪ አብረው።