ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ጀልባዋን ብቻዋን ትተን እንድንወርድ ያስቻለን መልህቅ

20 ኪሎ የሚመዝነውን መልህቅ ከገዛነው ዘጠኝ ወር ሆኖታል። እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ባለፈው ወር ያሳለፍነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶች መካከል በባለሸራ ጀልባ ለሚዞር ሰው መልህቅ ምን ማለት እንደሆነ ወደብ ላይ ቆሞ መረዳት ያስቸግራል። በዚያ ገመድ የሚታሰርበት ምሰሶም ሆነ ጀልባዋ ስትንሸራተት አይቶ የሚደርስ ጎረቤት የለም። የቀድሞው መልህቃችን እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1933 የፈለሰፈው የማረሻ ቅርጽ ያለው ዓይነት ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ቢሆንም፣ በጠጣር አሸዋ ላይ በጎኑ ተኝቶ ሲጎተት ደጋግሜ ስላየሁት ላምነው አልቻልኩም። ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን ምንጊዜም ጀልባዋ ላይ እንቀር ነበር፤ ባለቤቴ የባሕር ወፎቹን ጎጆ ልታይ ስትወርድ እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ስወርድ ደግሞ እሷ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደሴቶቹን ያየናቸው ለየብቻችን ሲሆን፣ ሲመሽ አንዳችን ላንዳችን እንተርክ ነበር።

አዲሱ መልህቅ እንደ አካፋ ሰፊና ጫፉ የሾለ ነው፤ ከላይ ያለው የብረት ቅስት ደግሞ በጀርባው ቢወድቅ እንኳ ተገልብጦ ጫፉ አሸዋውን እንዲወጋ ያደርገዋል።

ያን ዕለት በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የቱአሞቱ ደሴቶች፣ የባሕር ውሃ በከበበ የኮራል (በጥቃቅን የባሕር እንስሳት የተሠራ ዓለት) ቀለበት ውስጥ፣ ከአንዲት ደሴት በስተምዕራብ መልህቅ ጣልን። ጥልቀቱ 6 ሜትር፣ የጀልባዋ ግንባር ከውሃው በላይ 1 ሜትር ስለነበር፣ የሰባቱን አምስት እጥፍ፣ 35 ሜትር ሰንሰለት ለቀቅን። ነፋሱ እንደ ወትሮው ከምሥራቅ ይነፍስ ስለነበር ደሴቲቱ ከልላን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም ወርደን በደሴቲቱ ማዶ ወዳለው የውቅያኖስ ዳርቻ ተሻገርን። ጥቂት እንደቆየን ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ወዲያውም ከምዕራብ ጥቁር ደመና መጣና ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ይገርፈን ጀመር። በኮኮናት ዛፎቹ መካከል ሮጠን ስንደርስ ጀልባዋ ዞራ፣ ኋላዋን ለባሕሩ ዳር ኮራል ሰጥታ ትናወጣለች። ሞገዱ የጎማ ጀልባችንን ስለማያሳልፍ ዝናቡ ውስጥ ቆመን ከማየት በቀር የምናደርገው አልነበረም። ንቅንቅ አላለችም።

በማግስቱ ጠዋት መነጽር አድርጌ ጠለቅሁ። አሸዋው ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ትልም ነበር፤ መልህቁ ሳይነቀል እዚያው ተቀብሮ ዞሯል። ከአሸዋው በላይ የሚታየው የቅስቱ አናት ብቻ ነበር።

የሸጠልኝ ሰው 15 ኪሎው ይበቃሃል፣ ጀልባን የሚይዛት የሰንሰለት ክብደት ነው ብሎኝ ነበር። እዚያ ዝናብ ውስጥ ከእኛ ጋር ቢቆም እወድ ነበር። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል፣ የረገበው ክፍል የሚሰጠው እርዳታም ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አሸዋ ውስጥ ያለው ብረት ነው።

ጉድለት አለው፤ የጫፉ የዚንክ ልባስ በሰባተኛው ወር ተልጦ ዝገት ጀምሮታል፣ ለዚህ ዋጋ ይህ አይገባም ነበር። ሰንሰለት በኮራል ዓለት ላይ ሲጠመጠም ደግሞ የትኛውም መልህቅ መድኃኒት አይሆንም፤ እኛ ከተተዉ የዕንቁ እርባታዎች የሚገኙ ተንሳፋፊ ኳሶችን አስረን ሰንሰለቱን ከኮራሉ በላይ እናንሳፍፈዋለን። ቢሆንም ይህ መልህቅ ነገ ቢጠፋብኝ ያንኑ ዓይነት፣ በዚያው ክብደት፣ ሳላመነታ እገዛለሁ።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ደሴት ድንኳን ተክለን እንደር ትላለች። እኔ ገና ለሌሊቱ አልደፈርኩም።