ድጉስ ያረፈበት ቦርሳዬ፦ ከግንቦት እስከ ጥር

ይህ ቦርሳ ከግንቦት ወዲህ ከትከሻዬ ወርዶ አያውቅም ማለት ይቻላል። አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት የምሳ ዕቃ፣ ዣንጥላና የተማሪዎች ደብተር ይዞ ይወጣል፣ ማታ ደግሞ የሚታረም የፈተና ወረቀት ተጨምሮበት ይመለሳል። አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ በ4,200 ብር ስገዛው ቡናማ፣ ልሙጥና ክዳኑ በማግኔት የሚዘጋ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ አብሮኝ ከተቀመጠው ሰው ቦርሳ ጋር ቢቀያየር የማልለየው ዓይነት። የራሴ እንዲመስል ስሜን አስጻፍኩበት፣ ክዳኑን አስቀየርኩ፣ ማንገቻውንም እንደ አዲስ አሠራሁ። ክዳኑና ማንገቻው ጸንተዋል። ስሜ ግን የለም።

እሱን ቶሎ ልጨርስ። ሱቁ በጋለ ማሽን እየተጫነ በወርቅማ ቅብ ስም ይጽፋል፤ «ዕድሜ ልክ አይለቅም» ተብዬ ተጨማሪ ከፈልኩ። ነሐሴ ላይ ካፖርቴ የሚነካው በኩል መርገፍ ጀመረ፤ ዛሬ የቀረኝ አንድ ፊደል ተኩል ነው። ስደውልላቸው «አያያዝ ነው» አሉኝ። አያያዝ አይደለም። የፋብሪካው ቆዳ ፊቱ በሚያብረቀርቅ ሽፋን የታሸገ ስለሆነ፣ ቅቡ ያረፈው በሽፋኑ ላይ እንጂ በቆዳው ውስጥ አይደለም።

ይህንን ያስረዱኝ እዚሁ ደብረ ብርሃን የብራና መጻሕፍት የሚደጉሱ አንድ አዛውንት ናቸው። የድሮ መጻሕፍት የእንጨት ገበታቸው በቆዳ ተለብጦ፣ ቆዳው ደግሞ በጋለ ብረት መስመርና መስቀል ተቀርጾበት አይተን ይሆናል፤ ድጉስ የሚባለው እሱ ነው። እኔም የፈለግሁት ያንን ጌጥ በቦርሳዬ ክዳን ላይ ነበር። አዛውንቱ ቦርሳውን ተቀብለው ክዳኑን አላዩትም። ገልብጠው ስፌቱ ዘንድ ጠርዙን በቢላ ጫፍ ፋቅ አደረጉና አሳዩኝ፤ ላዩ ቡናማ የሆነው ቆዳ ውስጡ ግራጫ ሰማያዊ ነው።

«ልጄ፣ ይህ በክሮም የለፋ ነው። ብረት ባሳርፍበት ዛሬ ይተኛልሻል፣ ነገ ይነሣል።»

ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቆዳ እንዲህ ነው። ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው ማልፋት ፈጣን ነው፤ ቆዳው ለስላሳና ውኃ የሚችል ይሆናል፣ ግን ቅርጽ አይዝም። በዛፍ ቅርፊት የሚለፋው ሳምንታት ይፈጃል፤ ሲጠግብ ግን ውስጡም ላዩም አንድ ዓይነት ቡናማ ይሆናል፣ እርጥብ እያለ የተጫኑትን ሁሉ ይዞ ይቀራል። መለያውም ቀላል ነው፦ ሽፋን በሌለው ቦታ ጠብታ ውኃ ብታኖሩበት የቅርፊቱ ቆዳ ውኃውን ጠጥቶ ወዲያው ይጠቁራል።

ስለዚህ የቀድሞውን ክዳን አንሥተው በቅርፊት ከለፋ የፍየል ቆዳ ሌላ ቆረጡልኝ። ሥራውን አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ያረጥቡታል፣ ብረቱን ከፍም ያወጡታል፣ ከዚያ ወደ ቆዳው አይሄዱም፤ መጀመሪያ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ነካ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። ጮክ ብሎ ከተንጫጫ ገና ነው፣ ይጠብቁታል። ዝቅ ሲል ብቻ ነው ቆዳው ላይ የሚያርፈው። በጣም የጋለው ቆዳውን አሳርሮ ያደርቀዋል፣ የቀዘቀዘው ደግሞ ምልክት አይተውም።

መሃሉ ላይ መስቀል እንዲሆንልኝ ጠይቄ ነበር። እምቢ አሉ። «ቦርሳ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ መስቀል ለመጽሐፍ ነው።» አልተከራከርኩም፤ ልክ ናቸው። በምትኩ ዙሪያውን በጥንድ መስመር ከበው፣ በመስመሮቹ መካከል ትንንሽ ክቦች ደረደሩ፣ መሃሉን እንደ ሐረግ በተጠላለፈ መስመር ሞሉት። ከክዳኑ ሥር፣ የማይታይበት ቦታ፣ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል አኖሩልኝ። ያ ፊደል እንደተቀረጸ አለ።

ከስምንት ወር በኋላ መስመሮቹ አልጠፉም፤ እንዲያውም ጠቁረው ጎልተዋል። ክዳኑ ሲሠራ ፈዛዛ ነበር፣ አሁን ጥቁር ቡናማ ሆኗል፤ አውራ ጣቴ ሁልጊዜ የሚያርፍበት ጥግ ደግሞ ያብረቀርቃል። የቀረው የቦርሳው አካል ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። በዚህ ምክንያት ክዳኑና አካሉ ዛሬ ሁለት ቀለም ናቸው። እኔ ወድጄዋለሁ፤ አንድ ወጥ ቀለም የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ይወቀው። ማግኔቱም ወፍራሙን ክዳን መያዝ ስላቃተው በናስ ዘለበት ተተክቷል። ለመክፈት ትንሽ ያዘገያል፣ ግን አስተማማኝ ነው።

ማንገቻው የተለየ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ቀጭን ነበር፣ ደብተር ሲሞላ ትከሻ ይቆርጣል። አዲሱ ሰፊ የከብት ቆዳ ሆኖ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍል በመንዝ ባና፣ ማለትም በበግ ፀጉር በተሠራ ወፍራም ጨርቅ፣ ተገብሯል። ስፌቱ ሰም በተቀባ ክር፣ በሁለት መርፌ ከሁለት ወገን የተሰፋ የእጅ ስፌት ነው፤ አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፣ እንደ ማሽን ስፌት አይተረተርም። ባናው ካፖርት ላይ አይንሸራተትም። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በኅዳር ውርጭ ለሚሄድ ሰው ሙቀቱም አይናቅም። ችግሩ ጥቁር ልብስ ላይ ፀጉር ማራገፉና በክረምት አንዴ ከረጠበ ቶሎ አለመድረቁ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ስትገቡማ በባዶ አንገት ላይ ይኮሰኩሳል። የሚያሠራ ካለ ባናው በቁልፍ የሚወልቅ ይሁን።

አያያዙን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው፤ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ ይኮማተራል። አክስቴ ቅቤ እንድቀባው አጥብቃ መክራኝ ነበር። ቅቤ ሲቆይ ይሻግታል፤ በዚያ ሽታ የሠራተኞች ክፍል መግባት አልፈልግም። አዛውንቱ ሰም በጉሎ ዘይት አቅልጠው ሰጥተውኛል፤ አልፎ አልፎ በጨርቅ እቀባለሁ። ክዳኑ ይጠጣዋል፣ የፋብሪካው ቆዳ ግን ላዩ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ እዚያ በደረቅ ጨርቅ መወልወል በቂ ነው።

ለክዳኑ 1,500፣ ለማንገቻው 900 ብር ከፍያለሁ፤ የቦርሳው ዋጋ ግማሽ አልፏል ማለት ነው። ብዙ ነው። ቢሆንም ሌላ ቦርሳ ገዝቼ የማስጌጥ ሐሳብ የለኝም፤ የሚቀጥለውን ከመነሻው በቅርፊት ከለፋ ቆዳ አሠራለሁ። ሱቅ የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ የወርቅማ ስሙን ገንዘብ ከዋጋው እንዲቀንሱላችሁ ጠይቁ።