ባለ ሁለት መግቢያ ወይስ ባለ ስምንት? የቤት ሙዚቃ መቅረጫዎች ንጽጽር

ያለ ኮምፒውተር ራሱን ችሎ በሚቀርጽ የሙዚቃ መቅረጫ ካርቶን ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ገዢ ያሳስታል። «24 ትራክ» የሚል ሲታይ 24 ማይክ ሰክቶ ባንዱን በሙሉ በአንዴ መቅረጽ የሚቻል ይመስላል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ተቀርጾ አብሮ ስለሚሰማው ድምፅ ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ይገባል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለቤት ሥራ ዋናውም እሱ ነው። ታስካም የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዲፒ-03ኤስዲ 8 ትራክ አለው፤ በአንዴ የሚቀርጸው 2 ነው። ዲፒ-24ኤስዲና ዲፒ-32ኤስዲ በስም ቢራራቁም ሁለቱም በአንዴ የሚቀርጹት 8 ነው። ከ24ቱ ወደ 32ቱ ለመሄድ የምትጨምሩት ብር አንድም ማይክ አይጨምርላችሁም።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚቆጠረው ሰው ነው። ብቻችሁን ክራር እየደረደራችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ሁለት መግቢያ ይበቃል፤ አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለክራር። ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ተቀባዩን በኋላ እየደረባችሁ ትሞላላችሁ። ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ሁለት ድምፃዊ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚጫወቱ ከሆነ ግን ሁለት መግቢያ መከራ ነው። ተቀባዩ አውራጁን እያየ ነው የሚገባው፤ ለየብቻ ሲቀረጹ ያ ነገር ይጠፋል።

«ላፕቶፕ ካለኝስ?» ለሚል መልሱ ቀላል ነው። ደህና ላፕቶፕ ያለው ሰው ባለ ሁለት መግቢያ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ቢገዛ በርካሽ ይወጣል፤ ቆርጦ መቀጠሉም በትልቅ ስክሪን ይቀላል። መቅረጫው የሚያሸንፈው በሌላ ነው። በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሙት የራሳችሁ ድምፅ አይዘገይም፣ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር መሀል ላይ አይዘጋባችሁም፣ በዘፈኑ መካከል የቴሌግራም መልእክት አይጮህም። ሐሳቡም የቆየ ነው፤ ታስካም እ.ኤ.አ. በ1979 ፖርታስቱዲዮ 144 የተባለውን ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ሲያወጣ የጀመረ ነው። ዛሬ በካሴቱ ቦታ ኤስዲ ካርድ ገብቷል።

ባለ ሁለቶቹ

ከታስካም ትንሹ ዲፒ-006 ነው። 6 ትራክ፣ የራሱ ማይክ፣ አራት ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ። ኮንደንሰር የተባለው ስስ ድምፅ የሚይዝ ማይክ የሚፈልገውን 48 ቮልት ፋንተም (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ግን አይሰጥም፤ ኤክስኤልአር የተባለው ባለ ሦስት እግር የማይክ መግቢያም የለውም። ድንገት የመጣች ዜማ እንዳትጠፋ ለመያዝ ካልሆነ አልመክረውም። ዲፒ-008ኢኤክስ ሁለቱንም አሟልቶ 8 ትራክ ይዟል፤ በባትሪ ድንጋይም ይሄዳል። ዲፒ-03ኤስዲ የሚበልጠው ለትራኮቹ እውነተኛ ፌደር (ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ቁልፍ) ስላለው ነው፤ ሚክስ ሲደረግ፣ ማለትም የትራኮቹ ድምፅ ሲመጣጠን፣ ጣት ያርፍበታል። ግን ያለ አዳፕተር አይሠራም።

ዙም በተባለው ሌላው አምራች በኩል አር8 የቆየ ቢሆንም ዛሬም ያገለግላል፤ 8 ትራክ፣ በአራት ባትሪ ድንጋይ የሚሄድ፣ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ኢንተርፌስ የሚሆን፣ የድራም ፓድ ያለው። አር12 ያንኑ ሐሳብ በንክኪ ስክሪን አምጥቶታል። አር4 ትራኩ አራት ብቻ ነው፤ ሲሞላ አራቱን ወደ አንድ ማጠራቀሚያ ጨምቆ እንደገና የመጀመር ዘዴ አለው። የሚቀርጸው በ32 ቢት ፍሎት፣ ዝግ ያለውንም የሚጮኸውንም ድምፅ አብሮ በሚይዝ የፋይል ዓይነት ነው፤ ይኼ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። በለሆሳስ ጀምሮ ድንገት የሚያስጮህ ድምፃዊ ሲቀረጽ ጌይኑ (የመግቢያው የማጉያ መጠን) አስቀድሞ በትክክል ባይስተካከል እንኳ ፋይሉ አይሰነጠቅም፤ በኋላ ዝቅ ሲደረግ ድምፁ እንዳለ ይገኛል። ማይኩ ራሱ ከተጨናነቀ ግን ፍሎት አያድነውም፤ ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ዝናብም አያወጣም።

በገና ለሚቀርጽ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አሥሩ አውታር ከእንዚራው ቆዳ ጋር የሚሰጠው ንዝረት የሚያምረው ከቅርብ ሲሰማ ነው፤ ድምፁ ግን ዝግ ያለ ነው። ጌይን ሲነሣ የመሣሪያው የራሱ ሽሽታም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ በመቅረጫው ላይ በተገጠመው ማይክ አትተማመኑ፤ ፋንተም ያለው መቅረጫና አንድ ኮንደንሰር ማይክ ይሻላል። ፒካፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) የተገጠመለት ክራር ደግሞ ለጊታር ተብሎ በተለየው መግቢያ ይሰካ፤ በተራው መስመር ከገባ ቀጥኖ ይወጣል።

በመሣሪያዎቹ ውስጥ ከሚገኘው ድራም ብዙ አትጠብቁ። ተዘጋጅተው የሚመጡት ምቶች በአብዛኛው ለሮክና ለፖፕ የተሠሩ ናቸው። ለችክችካ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 6/8 አድርጎ ከበሮ ወይም ጭብጨባ መጀመሪያ መቅረጽ ነው።

ሱቅ ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ ልዩነት ፋይሉ ላይ ነው። ዙሞቹ እያንዳንዱን ትራክ በቀጥታ ዌቭ ፋይል አድርገው ካርዱ ላይ ያስቀምጡታል፤ ካርዱን ነቅሎ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ነው። የታስካም ዲፒዎች ግን ካርዱን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ትራኮቹ ያሉበትን ክፍል ኮምፒውተር አያየውም። በመሣሪያው ላይ ትራኮቹን ኤክስፖርት ማድረግ ያስፈልጋል። ዘፈኑን እዚያው ጨርሶ ለሚወጣ ሰው ምንም አይደለም። ቤት ቀርጾ ሚክሱን ስቱዲዮ ለሚሰጥ ሰው ግን በየዘፈኑ የሚመጣ ሥራ ነው። የዲፒዎቹ ዩኤስቢም ፋይል ለማስተላለፍ ብቻ ነው፤ ኢንተርፌስ አይሆኑም።

መብራት

አዲስ አበባ ላይ ይህን ከድምፅ ጥራት እኩል አየዋለሁ። መብራት ሲሄድ የሚጠፋው እየተቀረጸ ያለው ፋይል ነው፤ ሳይዘጋ ስለሚቀር አንዳንዴ ጭራሽ አይከፈትም። አራዳም ሆነ ካዛንቺስ ያለ ሰው ደግሞ የሚቀርጽበትን ሰዓት እንደፈለገ አይመርጥም። የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ሁሉም የራሱ ሰዓት አለው። ጸጥ ያለችው ሰዓት ከመብራት መጥፋት ጋር ከገጠመች ባትሪ ድንጋይ ያለው መቅረጫ ሥራውን ይቀጥላል። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ የፍሪጅና የቴሌቪዥን ጉርምርምታ ስለሚጠፋ ቀረጻው ይጸዳል።

አር4ና አር12 በዩኤስቢ 5 ቮልት ስለሚሠሩ የስልክ ፓወር ባንክ ይበቃቸዋል። ዲፒ-03ኤስዲና ዲፒ-24ኤስዲ 12 ቮልት ስለሚፈልጉ ተራ ፓወር ባንክ አይሆንም። ለዋይፋይ የሚሸጡት ትንንሽ ዩፒኤሶች 12 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሆኖም አምፒሩ መብቃቱንና የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መግጠሙን ሳታዩ አትሰኩ። ፋንተም ሲበራ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ እየተሞላ የሚያገለግል ድንጋይ ሁለት ስብስብ ቢኖር ጥሩ ነው።

ባለ ስምንቶቹ

እዚህ ሦስት ዓይነት ጠባይ አለ። ዲፒ-24ኤስዲ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ ማስተሪንግ (የመጨረሻው ማሣመሪያ) በራሱ ጨርሶ የሚወጣ ነው፤ 8 የኤክስኤልአር መግቢያ ከነፋንተሙ፣ 24 ቢት። ስክሪኑ ትንሽ፣ ሜኑው ጥልቅ ነው፤ ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዙም አር20 በአንዴ 8 ቀርጾ 16 ትራክ ይይዛል፤ ባለ ቀለም ንክኪ ስክሪኑ ላይ የድምፁን ሞገድ እያዩ መቁረጥ ይቻላል። ስልክ ለለመደ እጅ የቀለለው እሱ ነው።

ሦስተኛው ሚክሰርነትን ከመቅረጫነት ያጣመረው ነው። ታስካም ሞዴል 12 እና ዙም ላይቭትራክ ኤል-8 ሁለቱም 12 ትራክ ይቀርጻሉ፤ የመጨረሻው ስቴሪዮ ሚክስም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ቅዳሜ ሠርግ ወይም ምሽት ቤት የሚጫወት ቡድን ያንኑ መሣሪያ መድረክ ላይ ሚክሰር አድርጎ ከትዕይንቱ ጋር መቅረጽ ይችላል። ኤል-8 የማይክ መግቢያው 6 ነው፤ በአራት ባትሪ ድንጋይ ይሄዳል፤ ለአራት ሰው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው። ድምፅ ማጉያ መክፈት በማይቻልበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቆርጦ መቀጠል ላይ ግን ደካማ ስለሆነ ኮምፒውተር ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ያስፈልጋል።

ለአንድ ዘፋኝ ብመርጥ አር4ን፣ ትራክ በዛ ላለ ሥራ አር12ን እወስዳለሁ። ለአምስት ሰው ቡድን ኤል-8ን። ላፕቶፕ ጨርሶ ለሌለውና መብራቱ ለማያስቸግረው ዲፒ-24ኤስዲ።

ሲገዙ

በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፒያሳ ላይ ብዙ ሱቆች ስለተነሡ የድሮ አድራሻ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ዋጋ እዚህ አልጻፍኩም፤ የምንዛሪው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ከተለወጠ ወዲህ የትናንት ዋጋ ለዛሬ አይሆንም። ለዘመድ ሻንጣ የምታዙ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ 100–240 የሚል መጻፉን በፎቶ አስልኩ፤ 120 ብቻ የሚለውን ግድግዳችን ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል። ያገለገለ ከሆነ ሁሉንም መግቢያ በየተራ ሞክሩ፤ ፌደሮቹንም እያንቀሳቀሳችሁ ካካታ መኖር አለመኖሩን ስሙ።

ካርዱን ለብቻው አስቡት። አር8ና ዲፒ-008ኢኤክስ ከ32 ጊጋባይት በላይ አይቀበሉም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ትራክ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ስምንት ትራክ ለአንድ ሰዓት 4 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ስለዚህ 32 ይበቃል። አስመስለው የሚሠሩ ካርዶች መጠናቸውን ይዋሻሉ፤ መጀመሪያው ላይ ደህና ቀርጸው ሲሞሉ የቀደመውን ያበላሻሉ። ዋናውን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ካርዱ እስኪሞላ የሬዲዮ ድምፅ ቅረጹበትና መጨረሻውንም መጀመሪያውንም መልሳችሁ ስሙ።