የሚታጠፍ የጋሪ ጣራ ልትገዙ ላሰባችሁ ባለጋሪዎች

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። ከፍላችሁም ከሆነ አንብቡ፤ ቀሪው ብር ገና እጃችሁ ላይ ነው።

ቢሾፍቱ ውስጥ ሁለት ጋሪዎች አሉኝ። አንዱን ራሴ እነዳለሁ። ሌላውን ከአባቴ ጋር አብረው የሠሩ ሽማግሌ ይነዱታል፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ሥራው እንደ ድሮው አይደለም። የቀረን ከገበያ ዕቃ ይዞ የሚመለስ ሰው፣ ሆራና ባቦጋያ ሐይቅ ለመዝናናት የሚመጣ እንግዳ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሠርገኛ ነው። እንግዳውም ሠርገኛውም ፎቶ መነሳት ይወዳል። ጣራ ሥር ደግሞ ፎቶ ይጨልማል። ፀሐይ ሲከር ግን ያለ ጣራ የሚሳፈር የለም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «የሚታጠፍ፣ የሚስተካከል የጋሪ ጣራ፣ ለማንኛውም ጋሪ የሚሆን» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ልቤ ወዲያው ሄደ። ዕቁብም ያን ሰሞን ደርሶኝ ነበር።

ዋጋው 16,000 ብር ነው። ግማሹን ቀብድ ላክሁ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ ቀሪውን ሾፌሩ ፊት ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሻጩ በስልክ «ወንድሜ፣ አምስት ብሎን ብቻ ነው፣ ራስህ ትገጥመዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በአንድ ሰዓት ገጠምኩት። ያምራል። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር። ሁለት ባለጋሪዎች ከየት እንደገዛሁ ጠይቀውኝ ስልኩን ሰጥቻቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው አንድም በእነሱ ምክንያት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ፈረሴ ቦራ ጠፍር ሳስርለት መቁነጥነጥ ጀመረ። ዞሮ ሊነክሰኝ ሁሉ ሞከረ። ቦራ እንዲህ ዓይነት ፈረስ አይደለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሆዱ ጠፍር የሚያርፍበት ቦታ ተልጧል። እዚሁ ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወሰድኩት። ያከመው ልጅ ቁስሉን አጠበና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጋሪው ላይ በቅርብ የጨመርከው ነገር አለ?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ለእናንተም እንዲገባችሁ ስለምፈልግ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ የእኛ አገር ጋሪ አይደለም። አሜሪካኖች በጊ የሚሉት ነው፤ መኪና ሳይመጣ በፊት የገጠር ሐኪም ከቤት ቤት ይዞርበት የነበረው ዓይነት። በጊው አራት ጎማ አለው። አራት ጎማ ያለው ነገር በራሱ ይቆማል። ጣራው ወደ ኋላ ቢታጠፍ ክብደቱን የኋላ ጎማዎች ይሸከሙታል፤ ፈረሱ አያውቀውም። የእኛ ጋሪ ግን ሁለት ጎማ ነው። አክስሉ፣ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ብረት፣ እንደ ሚዛን መሃል ላይ ነው። ከአክስሉ ፊት የተቀመጠ ነገር ሁሉ የፈረሱን ጀርባ ይጫናል። ከአክስሉ ኋላ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ደግሞ ፈረሱ መሃላቸው የሚገባባቸውን ሁለት እንጨቶች ወደ ላይ ያነሳል። እንጨቶቹ ሲነሱ የሆዱን ጠፍር ይዘው ይነሳሉ። ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ከሆዱ ወደ ላይ እየተጎተተ ይሮጣል ማለት ነው።

ጣራውን ፈትቼ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ከነሸራው 22 ኪሎ ሆነ። ሲታጠፍ የሚያርፈው ከአክስሉ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። ከአክስሉ እስከ ፈረሱ ጠፍር ደግሞ 180 ሳንቲ ሜትር ለካሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 22ን በ70 አባዝታችሁ ለ180 ስታካፍሉት ጠፍሩን ወደ ላይ የሚጎትተው 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል። ይህ ሰው ሳይሳፈር ነው። ሁለት ወፍራም እንግዶች ኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን አስቡት። እኔ ደግሞ ፎቶ ስለሚፈለግ አብዛኛውን ቀን አጥፌው ነበር የምነዳው።

ፈረንጆችም ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ የሚታጠፍ ጣራ አድርገው ነበር። ካብሪዮሌት ይባል ነበር፤ ዛሬ ጣራዋ የሚከፈት መኪና የምትጠራበት ስም ከእሱ የመጣ ነው። እነዚያ ግን ጣራውንና ጋሪውን አንድ ላይ ነበር የሚሠሩት። የተሳፋሪው ወንበር የት ይሁን፣ አክስሉ የት ይሁን የሚወሰነው ጣራው ታስቦ ነው። ጋሪውን ሳያይ «ለማንኛውም ጋሪ ይሆናል» የሚል ሰው የፈረሱን ነገር አላሰበበትም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው፤ ሰው ተጎድቶበታል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ከገበያ አንዲት እናትና የልጅ ልጃቸውን ጭነው ጋሼ እየመለሱ ነበር። የእኔ ፈረስ ቁስሉ እስኪሽር ብዬ ጣራውን ወደ እሳቸው ጋሪ አዛውሬዋለሁ፤ እንዳያጥፉት ብቻ ነግሬያቸው ነበር። ይህን በማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሳውን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ከፊት መጣና ሸራው ውስጥ ገባ። ጣራው በአንድ ጊዜ ታጥፎ ተሳፋሪዎቹ ላይ ወደቀ። ፈረሱ ደነበረ። ጋሼ ልጓሙን ባይቆጣጠሩት ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው። የእናትየው ሁለት ጣቶች ብረቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብተው ተጨፈለቁ። ልጁ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን። ጤና ጣቢያ ወስደን አሳክመናቸዋል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚከብደኝ።

ጣራው ለምን ወደቀ? የሕፃን ጋሪ ካላችሁ ሄዳችሁ ጥላውን ክፈቱት። ከጎኑ እንደ ሰው ክርን የሚታጠፍ ብረት አለ። ሲከፈት ቀጥ ብሎ አያቆምም፤ ከቀጥታው ትንሽ አልፎ ወደ ሌላው ወገን ይሰበርና ቀጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ሸራውን በጎተታችሁት መጠን ክርኑ ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይላቀቅም። መዝጋት ስትፈልጉ ክርኑን ራሱን በእጃችሁ ገፍታችሁ መመለስ አለባችሁ። የሠረገላ ጣራም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የእንግሊዝ ንጉሣውያን አስኮት የፈረስ እሽቅድምድም ላይ ሲገቡ የምታዩት ላንዶ የሚባለው ሠረገላ ሁለት ጣራ አለው፤ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ሁለቱም ሲዘጉ መሃል ላይ ይገናኛሉ።

እኔ የገዛሁት ላይ ይህ ክርን የለም። «የሚስተካከል» ያሉት እሱን አስቀርተው ነው። በክርኑ ቦታ ረጅም ቀዳዳ ያለው ላሜራና በእጅ የሚጠብቅ ብሎን አድርገዋል። ብሎኑን አላልታችሁ ከፍታውን ታስተካክላላችሁ፣ ከዚያ ታጠብቃላችሁ። ጣራውን የያዘው የብሎኑ ጥብቀት ብቻ ነው። ጋሪ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ ለእናንተ አልነግርም። ጠዋት ያጠበቅኩት ብሎን ከሰዓት በጣቴ ይዞር ነበር። ሁለት ካሬ ሜትር ሸራን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ሲመታው ከ15 ኪሎ በላይ ክብደት እንደተጫነበት ይገፋዋል። የላላ ብሎን ይህን አይችልም።

ብረቱንም ልንገራችሁ። ሻጩ በስልክ «ባለ 2 ሚሊ ቱቦላሬ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ግድግዳው 2 ሚሊ የሚወፍር ማለቱ ነው። ከወደቀ በኋላ በያጅ ጓደኛዬ ጋ ወስጄ ጫፉን አስቆረጥኩት። በካሊፐር ሲለካ 1 ሚሊ ነው። ብሎን ለማስገባት የተበሳው ቦታ ላይ ደግሞ ተሰንጥቋል። ውስጡን ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት ቀለም አልነካውም፤ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ዝጓል። ሳትቆርጡ ለማወቅ የምትችሉበት መንገድ አለ። 20 በ20 ሚሊ የሆነ ባለ 2 ሚሊ ቱቦላሬ ስድስት ሜትሩ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። የ1 ሚሊው 3 ኪሎ ተኩል ነው። ግማሽ ለግማሽ ስለሆነ ያለ ሚዛን በእጅም ይታወቃል። እዚህ ላይ «ወፍራም ከሆነ ጣራው ይበልጥ ይከብዳል፣ ፈረሱም ይበልጥ ይጎዳል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው የእንጨት ወይም የማይታጠፍ ቀላል ጣራ ለሁለት ጎማ ይሻላል የምለው።

ሸራው ላይ ብዙ አልቆይም። የሚታጠፍ ሸራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚታጠፈው፤ ርካሽ ፕላስቲክ ከሆነ እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። የእኔ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ክሩም የጥጥ ክር ነበር። የጥጥ ክር ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። ናይለን ወይም ፖሊስተር ክር አሰፉ። ሸራ እርጥብ እንዳለ አታጥፉት፣ ይሻግታል።

ሻጩን ደወልኩለት። መጀመሪያ «አጠቃቀም አልቻልክበትም» አለኝ። ቀጥሎ «ንፋስ የእግዜር ነው» አለኝ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የቦራን ቁስል ሳይ 15 ቀኑ አልፏል፤ በእጄ ያለው ማስረጃም የባንክ ዝውውር ብቻ ነው። እናንተ ደረሰኝ ሳትይዙ ብር አትልቀቁ። ዕቃው የደረሰበትን ቀን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱት። በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ውስጥም ሆን ብላችሁ ፈትኑት፤ ለሠርግ አታስቀምጡት።

እንዴት እንፈትነው ካላችሁ፣ እኔ ዛሬ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። ጋሪውን ፈረስ ሳይታሰርበት ደልዳላ ቦታ ላይ አቆመው ነበር። አንድ ሰው የፊት እንጨቶቹን ፈረሱ በሚይዛቸው ከፍታ በእጁ ይያዝ። ጣራው ተከፍቶ ሳለ ስንት እንደሚከብደው ይንገራችሁ። ከዚያ አጥፉትና እንደገና ጠይቁት። እጁን ወደ ላይ የሚጎትተው ከሆነ ያ ጣራ የእናንተ ጋሪ ላይ አይሆንም፣ በቃ። ቀጥሎ ጣራውን ክፈቱና የፊተኛውን ብረት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ኋላ በኃይል ግፉት። ክርኑን ሳትነኩት ከታጠፈ ሰው ላይም ይወድቃል። ይህን ሁሉ ሻጩ ፊት አድርጉት። እምቢ ካለ ወይም «እኛ በፖስታ ነው የምንልከው» ካለ ቀብዱን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።

የሻጩን ስልክ ከሰጠኋቸው ሁለት ባለጋሪዎች አንዱ ቀብድ ልኳል። ሌላውን ሳይልክ ደርሼበታለሁ። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁም ፎቶውን በየግሩፑ እየተቀባበላችሁ እንደሆነ አይቻለሁ። አራት ጎማ ያለው፣ ጥቁር፣ ከጎኑ ጥምዝ ብረት ያለው ጋሪ ነው ፎቶው ላይ ያለው። እሱን ስታዩ የምትገዙት ዕቃ ፎቶ እንዳልሆነ እወቁ። የተሰነጠቀውን ብረት ማየት የሚፈልግ ጋሪ ተራ ይምጣ፤ አልጣልኩትም።

ቦራ አሁን ድኗል። ያንን ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን የድሮ የእንጨት ጣራ መልሼለት እየሠራ ነው። ጠፍሩ የላጠው ቦታ ላይ ግን ጸጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል።