ለፕስኮቭ አስጎብኚያችን ያለኝ ምስጋና

አባቴ በወጣትነቱ ሌኒንግራድ የተማረ ሰው ነው። ዘንድሮ ሩሲያን ዳግመኛ ለማየት ስንነሳ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሩሲያዊው ባለቅኔ የፑሽኪን መቃብር። መቃብሩ ያለው በፕስኮቭ ግዛት ነው። እዚያ ላገኘናቸው አስጎብኚ ምስጋናዬን በአደባባይ ሳልጽፍ ብቀር ያንገበግበኛል።

ሥራቸውን የጀመሩት ገና ከባቡር ጣቢያው ሳንወጣ ነው። የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላይ በ1917 ዙፋኑን የለቀቀው እዚሁ ጣቢያ፣ በባቡሩ ውስጥ ሆኖ ነበር (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ቬሊካያና ፕስኮቫ የተባሉት ወንዞች ወደሚገናኙበት ጥንታዊ ምሽግ ወሰዱን። የከተማዋ ስም በዜና መዋዕል መጀመሪያ የሚነሳው በ903 ሲሆን ያስነሳችውም ሴት ናት፤ የኪየቭ መስፍን ኢጎር ያገባት፣ ኋላም ኪየቭን የገዛችውና ቅድስት የተባለችው ኦልጋ። በሥላሴ ካቴድራል ደግሞ የዶቭሞንት አጽም አለ። ከሊትዌኒያ ሸሽቶ መጥቶ በ1266 የፕስኮቭ መስፍን ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ከተማዋን ሲከላከል ኖረ። በ1902 እዚህ ስለተወለደው ደራሲ ካቨሪንና እዚሁ ስላደገው ታላቅ ወንድሙ፣ ስለ ቫይረስ ተመራማሪው ዚልበር፣ በመኪና ውስጥ ነገሩን።

እኔን የማረከኝ ግን በማግስቱ የሆነው ነው።

ፔትሮቭስኮዬ የጋኒባሎች ርስት ነበር። አብራም ጋኒባል፣ የፑሽኪን ቅድመ አያት፣ በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በቁስጥንጥንያ በኩል ወደ ሩሲያ የመጣ፣ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና ያነሳው፣ በፈረንሳይ ምህንድስና ተምሮ ጄኔራል የሆነ ሰው ነው። በዚያ አካባቢ ያለውን መሬት የሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1742 ሰጠችው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ «የእኛ ሰው» ሲለው ኖሯል፤ አዲስ አበባ ላይ በፑሽኪን አደባባይ ባለፍን ቁጥርም ይህንኑ ይነግረኝ ነበር። አስጎብኚያችን ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቅንቀው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ደንበኛ ማስደሰት ቀላል ነው። እሳቸው ግን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡንና ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። ጋኒባል በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ የተወለድኩት በአፍሪካ፣ ላጎን በምትባል ከተማ ነው ብሏል፤ አቢሲኒያ አላለም። በ1899 ሩሲያዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዲሚትሪ አኑቺን ቦታው በዛሬዋ ኤርትራ ያለው ሎጎ ነው ሲል ጻፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ በዛሬዋ ካሜሩን ያለችው ሎጎን ቢርኒ ናት ብሎ ተከራከረ። የሁለቱንም ማስረጃ ሳያዳሉ አስቀመጡልን፤ አባቴም ጥያቄ አከታተለባቸው። እኔ ይከፋዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሱ ግን ከተማሪነቱ ጀምሮ እንዲህ አክብሮ ያስተማረው ሰው እንደሌለ ነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስቪያቶጎርስክ ገዳም ሄድን። መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ የድንጋይ ደረጃው ለአባቴ ጉልበት ከባድ ነበር። ቀደም ሲል በሌላ ከተማ የቀጠርነው አስጎብኚ እያጣደፈ አድክሞት ስለነበር ተጨንቄአለሁ። እኚህ ሴት ግን ክንዱን ይዘው፣ እያሳረፉ፣ በእያንዳንዱ ዕረፍት ላይ አንድ አንድ ወግ እየነገሩ አወጡት። ፑሽኪን በ1836 የእናቱን አስከሬን ራሱ ይዞ መጥቶ እዚህ አስቀበረ፤ ዓመት ሳይሞላው በ1837 እሱም አጠገቧ አረፈ። እናቱ የጋኒባል የልጅ ልጅ ናት። አባቴ ቆሞ በተማሪነቱ የያዘውን ግጥም በሩሲያኛ ማለት ጀመረ፤ መሃል ላይ ቃሉ ሲጠፋው አስጎብኚያችን ቀስ ብለው ቀጠሉለት።

ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ እሳቸውን ቅጠሩ። የሚያስጎበኙት በሩሲያኛ ብቻ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይሁን። ገዳሙ ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ሁለት ቀን መድቡ። ከተስማማንበት ዋጋ በላይ አልጠየቁም፤ ጉርሻም በብዙ ልመና ነው የተቀበሉኝ። ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ ስማቸውን እዚህ መጻፍ አልፈለግሁም፤ ለብቻዬ ከጻፋችሁልኝ አገናኛችኋለሁ።